ስለ ባሕር ማዕበል ማስጠንቀቂያና ስለ መጠጊያ ስፍራ

በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ዐውሎ ነፋስ አዲስ ነገር አይደለም። ፀሐይ ያሞቀችው የባሕር ውሃ ተንኖ ወደ ላይ ሲወጣ ነፋሱ እየተሽከረከረ ይበረታል፤ በበረታም ጊዜ ባሕሩን ወደ የብስ ይገፋዋል። ሰላጤው ወደ ሰሜን እየጠበበ የሚሄድ፣ ጥልቀቱም ጥቂት ስለ ሆነ፣ የተገፋው ውሃ መሄጃ አጥቶ ከፍ ብሎ ወደ አገሩ ይገባል። ሰውን አብልጦ የሚገድለውም ነፋሱ ሳይሆን ይህ ውሃ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ሌሊት፣ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው በዛሬው ባንግላዴሽ እንዲህ ያለ ማዕበል በተነሣ ጊዜ፣ የሞተው ሰው ቍጥር ከ300,000 እንደማያንስ ይገመታል። በታዙሙዲን ወረዳ ብቻ ከ167,000 ነዋሪ 45 ከመቶ የሚሆነው አለቀ። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ነገሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። በራዲዮ ተነግሮ ነበር፤ ከሕዝቡም ብዙው ወሬውን ሰምቷል። ነገር ግን የሰማው ሰው ወዴት ይሂድ? አገሩ ሜዳ፣ ቤቱም የቀርከሃና የሣር ነው። መጠጊያ ላልተሠራለት ሰው ሽሽ ብሎ መናገር ግዳጅን እንደ መፈጸም ሊቈጠር አይገባም። የፓኪስታን መንግሥት ርዳታውን በማዘግየቱ እጅግ ተነቀፈ፤ በሚከተለው ወር በተደረገው ምርጫ የምሥራቁ ሕዝብ ድምፁን ለአዋሚ ሊግ ሰጠ፤ በ1971 ዓ.ም.ም አገሩ ተለየ። የመለየቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም ያ ማዕበል ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

አዲሱ መንግሥት ከቀይ መስቀል ማኅበር ጋራ ሆኖ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነ። እነዚህም ባንዲራ እየሰቀሉ፣ በድምፅ ማጉያ እየጮኹ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ የሲሚንቶ ቤቶችም ተሠሩ። ሆኖም ቤቶቹ ጥቂት ነበሩና በአፕሪል 29 ቀን 1991 ዓ.ም. እንደ ገና 138,000 ያህል ሰው ሞተ። ከሞቱትም መካከል ሴቶች ከወንዶች እጅግ በዙ። አንዳንዲቱ ያለ ባልዋ ፈቃድ ከቤት አልወጣም ብላ ቀረች፤ ሌላዪቱ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋራ ተጨናንቃ ማደሩን አፈረች። ባለ ከብቱም ከከብቱ ተለይቶ መሄድ አልሆነለትም። በሬህን ጥለህ ሂድ ቢባል እሺ የሚል ገበሬ በየትኛው አገር ይገኛል? ስለዚህ በኋላ በተሠሩት መጠጊያዎች ለሴቶች የተለየ ክፍል ተደረገ፤ ለከብቱም ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተደለደለ፤ ከፈቃደኞቹም እኩሌታው ሴቶች እንዲሆኑ ተደረገ። ቤቶቹ በደኅናው ቀን ትምህርት ቤት ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሕፃኑ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል።

በ2020 ዓ.ም. አምፋን የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ በባንግላዴሽ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አስቀድሞ ወደ መጠጊያው ገባ፤ የሞተውም በአሥሮች የሚቈጠር ብቻ ሆነ።

ነፍስ ዳነች ማለት ግን ኑሮ ዳነ ማለት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. አይላ የተባለው ማዕበል የአፈሩን ግድብ ከጣሰው በኋላ፣ በኩልና አውራጃ አንዳንዱ እርሻ ከዓመት በላይ በጨው ውሃ ተኝቷል፤ የሚጠጣው ኵሬም ጨው ሆነ። ባለ መሬቱም በግድቡ ጫፍ ላይ ዳስ ጥሎ ሰነበተ። የግድቡ እድሳት በየዓመቱ ገንዘብና ጠባቂ የሚሻ ሥራ ነው፤ ማዕበል በሌለበት ዓመት ግን ለዚህ ሥራ በጀት የሚጠይቅ ሹም ሰሚ አያገኝም።