ቅጹን ከዋናው መዝገብ አታያይዙት

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ በጃቫ ነገር ምን አገባው የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ቅጹን በኮምፒዩተር የምንሞላው ሁላችንም ስለ ሆንን፥ ከሣጥኑ በስተጀርባ የሚደረገው ሁላችንንም ይመለከታል።

በጃቫ ከሚሠሩት ድረ ገጾች ብዙዎቹ ስፕሪንግ በተባለ መሣሪያ የተገነቡ ናቸው። በቅጹ ላይ «ስልክ» የሚል ስም ያለው ሣጥን ቢኖር፥ ስፕሪንግ ስሙን ይዞ በጀርባ ባለው የጃቫ ኦብጀክት ውስጥ «ስልክ» የተባለውን ቦታ ይፈልግና የተጻፈውን ያስገባበታል። ፕሮግራም ጻፊው ለያንዳንዱ ሣጥን አንድ መስመር ከመጻፍ ይድናል። ይህን አልነቅፍም።

የምነቅፈው ቅጹን በቀጥታ ከዋናው የተማሪ መዝገብ ጋር ማያያዝን ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ስልክ ብቻ ሳይሆን ማርክም አለ። «በገጹ ላይ የማርክ ሣጥን የለም» ብሎ መጽናናት ከንቱ ነው፤ ከብራውዘር የሚላከው ጽሑፍ በላኪው እጅ ነውና። አንድ ተንኮለኛ «ማርክ» የሚል ስም ጨምሮ ቢልክ፥ መዝገቡም መቀበያ ካለው፥ ካልተከለከለ በቀር ስፕሪንግ ከወዴት መጣህ ብሎ አይጠይቀውም። ፕሮግራሙ መዝገቡን እንዳለ ካስቀመጠው ማርኩ ተለወጠ ማለት ነው።

ነገሩ ተረት እንዳይመስል ታሪኩን ልጥቀስ። የጃቫ ኦብጀክት ሁሉ «ክላስ» የሚባል ቦታ በተፈጥሮው አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያ በኩል ቅጽ አስመስሎ ወደ ፕሮግራሙ ጓዳ መግባት እንደሚቻል ታወቀ፤ መንገዱም በስሙ ተለይቶ ተዘጋ። በ2017 ጃቫ 9 ሲወጣ ግን «ሞጁል» የሚል አዲስ ቦታ በክላሱ ውስጥ ተጨመረ። የተዘጋው አንድ በር ስለ ነበር፥ በአዲሱ ዞሮ ወደዚያው ጓዳ መግባት ተቻለ። ይህ በይፋ የተነገረው በማርች 2022 ነው፤ ስፕሪንግፎርሼል አሉት። በቶምካት ላይ በዋር መልክ በተጫኑት ፕሮግራሞች አጥቂው የቶምካትን የመዝገብ አጻጻፍ ለውጦ የራሱን ገጽ እስከ መትከል ደረሰ። ቀዳዳው በ5.3.18 እና በ5.2.20 እትሞች ተደፈነ።

እንግዲህ የተከለከሉትን በስም እየዘረዘሩ መኖር ሁልጊዜ ከሌባው ኋላ መሮጥ ነው። የተፈቀዱት ይዘርዘሩ! ለቅጹ ስልክና አድራሻ ብቻ ያለው ትንሽ ክላስ ይሠራለት፤ ወደ ዋናው መዝገብ የሚያልፈውን ፕሮግራም ጻፊው ራሱ፥ እያየ፥ በእጁ ያሳልፍ።

ድግግሞሽ ነው ይሉኛል። አዎን፥ ነው። ጥቂት መስመሮች ይጨመራሉ፤ ከአንድ ቀትር በኋላ ሥራ አይበልጥም። (ለገጹ ቀለም ስንት ቀን እንደሚጠፋ ደግሞ ሁላችንም እናያለን።)

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ የኮምፒዩተር ተማሪዎች፥ ነገ የባንክንና የሆስፒታልን ቅጽ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ፕሮጀክታችሁን ከማቅረባችሁ በፊት በገጹ ላይ የሌለ አንድ ስም ጨምራችሁ ወደ ራሳችሁ ፕሮግራም ላኩና የሚሆነውን ተመልከቱ።