«ስንት ዋት ልግዛ?» ላልከኝ የጅማ ልጅ

መቼም ከሳምንት ሳምንት የፍቅር፣ የቅናትና የቤት ኪራይ ጣጣችሁን ስታዋዩኝ ነው የምከርመው። በዚህ ሳምንት የደረሰኝ ጥያቄ ግን ለየት ይላል። ሲጀምር ስለ አምፕሊፋየር ነው… ሲጨርስ ግን ስለ ሰው ነው። እኔም ብሆን የጅማ ልጅ ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ሳጣ፣ ሁለት ዓመት ያህል ከአንድ የሠርግ ባንድ ጋር ገመድ ስጠቀልልና ስፒከር ስሸከም ኖሬያለሁ። ስለዚህ «ይሄ ደግሞ ስለ ድምፅ ምን ያውቃል?» የሚል ካለ ትከሻዬን ይጠይቅ!

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤

«ሰላም ላንተ ይሁን ወንድሜ። ዕድሜዬ 23 ነው። ጊታር እጫወታለሁ፣ አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ትዘፍናለች። (የፍቅር ነገር የለንም፣ ኋላ ሌላ እንዳታስብ!) ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ጅማ አንድ ካፌ ውስጥ እንሠራለን። ያለችን አንዲት ትንሽ ባለ 30 ዋት አምፕሊፋየር ናት፤ ጊታሩም ማይኩም እሷው ላይ ነው የሚሰካው። ባለፈው አጋሮ ሠርግ ተጠራን። ገና ሁለተኛውን ዘፈን ስንጀምር ‹ኡኡኡ…› ብላ ጮኸች። ዝቅ ሳደርጋት ከኋላ ‹አይሰማም!› ይላሉ፣ ከፍ ሳደርጋት ትጮሃለች። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ያዙ። በመጨረሻ የሙሽራው አጎት መጡና ‹ልጆቼ፣ ደክሟችኋል፤ ብሉና እረፉ› አሉን። ወዲያው ሙዚቃ በፍላሽ ተከፈተ። የተዋዋልነውን ግማሽ ብር ሰጥተው ሸኙን። ጅማ እስክንደርስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስንም። ስንወርድ ‹አንተ ድምፄን ታጠፋብኛለህ፤ ከኪቦርድ ጋር ብሠራ ይሻለኛል› አለችኝ። አሁን እናቴ እቁብ ሊደርሳት ነው። ለምኛት ትልቅ አምፕሊፋየር ልገዛ አስቤያለሁ። ስንት ዋት ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። የእናትህን እቁብ አትንካ!

ለምን ብትል፣ የዋት ነገር እንደ ቡና ኪሎ አይደለም። ሁለት ኪሎ ቡና የአንዱ ኪሎ እጥፍ ነው፣ አለቀ። ድምፅ ግን እንደዚያ አይሄድም። ከ30 ዋት ወደ 60 ዋት ብታድግ የምታገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው። ጆሮ ይህን ሲሰማ «ትንሽ ጨመር አለ» ቢል ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ዋቱ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት፤ ያውም 300 ዋት ማለት ነው! በዚያ ላይ የምትጮኸውን ትንሿን በትልቅ ቀይረህ እዚያው ቦታ ብታስቀምጠው፣ በእናትህ ገንዘብ የገዛኸው ትልቅ ጩኸት ይሆናል።

በወሬ ብቻ መምከር ስለማልወድ ልጁን ደውዬ አገኘሁት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንግዳ ሳይገባ፣ ካፌው ሄድኩ። እሷንም «ለመጨረሻ ጊዜ» ብሎ ለምኖ አምጥቷታል። እጇን አጣምራ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቁሯል።

አምፕሊፋየሯን ፈለግኳት። ሊሾው ላይ፣ የግድግዳው ጥግ ውስጥ፣ ከሁለቱም ጀርባ ተሸጉጣለች። «ለምን እዚያ አስቀመጥካት?» ስለው «ሶኬቱ እዚያ ነዋ!» አለኝ። አያችሁልኝ? አጋሮ ዳሱ ውስጥም የት እንደነበረች ጠየቅኩት። ማከፋፈያው በደረሰበት፣ መሬት ላይ፣ ከጀርባቸው። ስንቱ ሙዚቀኛ ነው ቦታውን ሶኬት የሚመርጥለት!

ስህተቱ ሦስት ነው። አንደኛው መሬቱ ነው። ቀጭኑ ድምፅ፣ ትሬብል የምንለው፣ እንደ ባትሪ መብራት ፊት ለፊቱን ነው የሚሄደው። ወፍራሙ፣ ባሱ፣ ደግሞ እንደ ጭስ በየአቅጣጫው ይበተናል። ስለዚህ መሬት ላይ የተቀመጠ አምፕሊፋየር ቃሉንና ጥራቱን የሚልከው ለቁርጭምጭሚት ነው። ቁርጭምጭሚት ደግሞ ጆሮ የለውም!

ሁለተኛው ጥጉ ነው። ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ባሱን እየመለሱ ይደራርቡታል። ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ተጫዋቹም «ጥራት የለውም» እያለ ቮልዩሙን ይጨምራል።

ሦስተኛውና ዋናው ጀርባው ነው። ከጀርባ የሚመጣው ድምፅ ጊታሩ ሣጥን ውስጥ ይገባና እንጨቱን ያንቀጠቅጠዋል። የጊታሩ ፒካፕ ያንን ይዞ መልሶ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልከዋል፤ አምፕሊፋየሩ አጉልቶ እንደገና ወደ ጊታሩ ይልከዋል… እንዲህ እየተሽከረከረ በቅጽበት «ኡኡኡ» ይሆናል። ፊድባክ የሚሉት ይሄ ነው። ማይኩም እንደዚያው ነው። አብዛኛው የዘፋኝ ማይክ ከፊቱ ያለውን በደንብ ይሰማል፣ ከጭራው በኩል ያለውን ግን እምብዛም አይሰማም። አምፕሊፋየሩ ከዘፋኙ ጀርባ ሲሆን ማይኩ ፊት ለፊት እያየው ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይጮህ?

የካፌዋን ባለቤት አስፈቀድንና ከጥግ የቆመውን የጅማ በርጩማ ወሰድን። ያ ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ባለ 3 እግር በርጩማችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው! ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። መቀመጫው ጎድጎድ ስለሚል አንድ የቡና ኬሻ አጥፈን ደለደልንበት፤ ከፊት በኩል ደግሞ ወፈር አድርገን አምፕሊፋየሯ ወደ ላይ ቀና እንድትል አደረግን። ፊቷ ከጉልበት ወደ ጆሮ ዞረ።

ከዚያ ከጥጉ አወጣናት። ከማይኩ መስመር ትንሽ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ከዘፋኟ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርገን አቆምናት። ፊቷ አብዛኛው ለእንግዳው፣ ጥቂቱ ለዘፋኟ። ልጅቷ መሐል፣ ጊታሪስቱ ከእሷ ወዲያ ማዶ። በዚህ ዓይነት ድምፁን ይበልጥ መስማት ያለባት እሷ ቀረበች፣ በቀላሉ የሚጮኸው ጊታር ራቀ። ጊታሩንም ፊቱን ከስፒከሩ ትንሽ እንዲመልሰው ነገርኩት። ቮልዩሙን ቀድሞ ከነበረበት ዝቅ አደረግነው።

ልጅቷ ያለ ፍላጎቷ ማይኩን ያዘች። አንድ ስንኝ እንዳለች ቆም አለችና «ይሄ የኔ ድምፅ ነው እንዴ?» አለች።

ለካ ስንት ወር ስትሠራ ራሷን ሰምታ አታውቅም! ከኋላዋ፣ ከመሬት የሚደርሳት የጊታሩ ባስ ብቻ ነበር። ራሷን ስለማትሰማ ትጮሃለች፤ ቤቷ ስትገባ ጉሮሮዋ ይነድዳል። እሱ ደግሞ እሷ ስትጮህ ጊታሩ የተዋጠ ይመስለውና ከፍ ያደርጋል። እሷ «ያጠፋኛል» ትላለች፣ እሱ «ታጠፋኛለች» ይላል። ጥፋተኛው ግን ሶኬቱ ነበር!

ሁሉም ነገር ወዲያው ተስተካከለ አልልም። ወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ሲያዝ አሁንም ማጉረምረም አለ። ይሄ የጊታሩ የራሱ ጠባይ ነው። በተለመደው ትልቅ የአኩስቲክ ጊታር ሣጥን ውስጥ ያለው አየር የሚነሳሳው ወደ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ያ ኖታም 98 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ አንድ ላይ ይያያዛሉ። ባሱን ጥቂት ቀነስን፤ «ፌዝ» የምትለዋን ቁልፍም ሞከርን፤ ተወው። ቁልፉ የሌላችሁ የጊታሩን ቀዳዳ የሚዘጋ ክብ ጎማ መጠቀም ትችላላችሁ።

እንግዲህ በካፌውም በሠርጉም ለምትሠሩ ሌሎች ልጆች፣ ትከሻዬ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ።

1ኛ/ ከፍታ። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 አካባቢ ነው። በርጩማ ከሌለ ሁለት የቢራ ሳጥን ደርቡ። የስፒከር ስታንድ ካላችሁ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ከሥሩ ለዘንጉ የሚሆን ቀዳዳ እንዳለው እዩ፤ የተለመደው ዘንግ 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ቀዳዳ የሌለውን በገመድ አስሮ ዘንግ ላይ መስቀል በሰው ራስ ላይ መፍረድ ነው! ባለ ጠፍጣፋ ስታንድ ተጠቀሙ። የስታንዱን እግሮች ዘርግታችሁ አሸዋ የሞላ ከረጢት ጫኑባቸው። ገመዱንም በስታንዱ እግር አንድ ዙር አዙሩት፤ ሕፃን ቢያደናቅፈው አምፕሊፋየሩን አይጥልም።

2ኛ/ ርቀት። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ከስፒከሩ 1 ሜትር ላይ ያለ ሽማግሌና 8 ሜትር ላይ ያለ ጎረምሳ መካከል 18 ዴሲቤል ልዩነት አለ ማለት ነው። ዳስም ከሜዳ ብዙ አይርቅም። አጋሮ ላይ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ሲይዙ ከኋላ «አይሰማም» የተባለው በዚህ ነው። ከፊተኛው ወንበር ሦስት ሜትር ያህል ራቁ፣ ስፒከሩንም ከፊተኞቹ ራስ በላይ አድርጉት።

3ኛ/ ማይክ። የማይኩን ጭንቅላት በእጃችሁ አትጨብጡ! አያያዙ ያምራል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሲታፈን ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምርና ይጮሃል።

4ኛ/ ትልቅ ሠርግ። 300 ሰው ያለበትን ዳስ በ30 ዋት ልሙላ አትበሉ። ብዙዎቹ የአኩስቲክ አምፕሊፋየሮች ከኋላቸው ወደ ሚክሰር የሚወስድ «ላይን አውት» ወይም «ዲአይ» የሚል መውጫ አላቸው። ከሠርጉ ሲስተም ጋር አገናኙትና ትንሿን ለራሳችሁ መስሚያ አድርጓት።

5ኛ/ መብራት። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አምፕሊፋየር 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት፤ አንዴ ጭስ ከወጣ ምክር አይመልሰውም። መብራት ሲጠፋ አጥፉት፣ ሲመጣ ትንሽ ጠብቁ። በክረምት ደግሞ ርጥብ መሬት ላይ ማከፋፈያ አታጋድሙ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከሰማይ ጋር አትፎካከሩ፤ ባርቶ እስኪያባራ አንድ ስኒ ቡና ጠጡ።

6ኛ/ ሙከራ። አንዱ ሲጫወት ሌላው የመጨረሻው ወንበር ድረስ ሄዶ ይስማ። ቤቱ በሰው ሲሞላ ድምፁ ስለሚለወጥ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ እንደገና አስተካክሉ።

«ትንሽ መሣሪያ ቤት አይሞላም» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ በአንድ ክራርና በአንድ ድምፅ ስንቱን ሰው አስደምመዋል! ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር እ.ኤ.አ. በ2008 ያቋቋመው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትም የአየለ ማሞን ማንዶሊን ከአኮርዲዮንና ከክላርኔት ጋር አንድ መድረክ ላይ አሰልፏል። ማንዶሊን ከጊታር በመጠን የምታንስ መሣሪያ ናት። ግን ሌሎቹ ቦታ ከለቀቁላት ትሰማለች። ምስጢሩ ቦታ መለቀቁ ላይ ነው።

ወደ አንተ ልመለስ ወንድሜ። ያን ቀን ስንወጣ ልጅቷ «አንድ ሠርግ ብቻ እሞክራለሁ» ብላሃለች። ሊሙ ገነት የተጠራችሁበትን ማለቷ ነው። «ብቻ» ማለቷን አትርሳ። ከኪቦርድ ጋር መሥራት ብትመርጥም መብቷ ነው፣ አትቀየማት። አሁን ግን አንድ ነገር አድርግ። እዚያ ስትደርሱ ሶኬቱን ከመፈለግህ በፊት እሷን ፈልጋት። «የት ባደርገው ይሰማሻል?» በላት። እሷ ባለችው ቦታ አስቀምጠህ፣ ገመድ ካልደረሰ ረዘም ያለ ማከፋፈያ ግዛ። እሱ ከእናትህ እቁብ ላይ ምንም አይነካም!

ሌሎቻችሁም ብትሆኑ… ከጓደኛችሁ፣ ከፍቅረኛችሁ፣ ከወንድማችሁ ጋር ስትጣሉ ቮልዩሙን ከመጨመራችሁ በፊት የት ቆማችሁ እንደምትናገሩ አንዴ እዩት። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!