ከዱካ መነሣት

የዛሬ ዓመት ስቅለት ስግደት ላይ ሳለሁ መነሣት አቃተኝ። መውረዱስ ወርጄ ነበር። ከኋላዬ የምትሰግድ አንዲት የሰፈር ልጅ ብብቴን ይዛ አነሣችኝ። አፈርኩ። ቤት ገብቼም ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ «ጉልበቴን ላሳርፈው» ብዬ ጠዋት ጠዋት ከዘነበወርቅ እስከ አየር ጤና የማደርገውን የእግር ጉዞ ተውኩ። ጉሊት መውረዱንም ለልጄ ለቀቅኩ። እሷም ደስ ብሏት ተቀበለችኝ። ውኃ ልቅዳ ብል «እማዬ፣ ተቀመጪ፣ እኔ አመጣልሻለሁ»፤ ልብስ ላስጣ ብል «ተቀመጪ»። ሁለት ወር እንዲህ በክብር ተቀምጬ ከረምኩና ቡና ከማፈላበት ዱካ ያለ ሰው እጅ የማልነሣ ሆንኩ።

ሐኪም ቤት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጉልበቴን ነካክታ ስታበቃ «እናቴ፣ የከዳዎት ጉልበትዎ ብቻ አይደለም፤ ጭንዎ ነው» አለችኝ። ከተቀመጥንበት የሚያነሣን የፊት ጭን ጡንቻ ነው። ሥራ ሲፈታ ይሟሽሻል፤ ሸክሙም ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ጉልበት ሲያመን ደግሞ የባሰ እንቀመጣለን።

ያዘዘችልኝ እንቅስቃሴ ልጆች የሚስቁበት ዓይነት ነው። ግድግዳ ያስደገፉትን ጠንካራ ወንበር ላይ ትራስ ደርቦ መቀመጥ፣ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ መነሣት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ዘጭ ማለት አይቆጠርም፤ ጡንቻው የሚሠራው ቀስ ብሎ ሲወርዱም ጭምር ነው። መጀመሪያ አምስቴ ተነሥቼ ላበኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትራሱን አነሣሁት።

የእግር ጉዞዬንም ጀመርኩ፤ አካሄዴን ግን ለወጥኩ። የእኛ ሰፈር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገት ትንፋሽ ይፈጃል፤ ጉልበትን የሚጎዳው ግን ይበልጡን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ስመለስ ታክሲ እይዛለሁ። ረዳቱ «እማማ፣ ሰው ታክሲ የሚይዘው ለዳገት ነው» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ።

ማሞ ወልዴን ያየ በዚህ አይገረምም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ የተወዳደረው በ800 እና በ1,500 ሜትር፣ እንዲሁም በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። በ1961 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ እኛ እዚህ ለእንቁጣጣሽ ስንሰናዳ፣ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። በ40 ዓመቱ 800 ሜትር ካልሮጥኩ ቢል ኖሮ ያን ሜዳሊያ ባላገኘነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ነው። 65 ዓመት ለሞላን ደግሞ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይጨመርበታል። እኔ ጀበናው እስኪፈላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዤ በአንድ እግር እቆማለሁ፤ ጀበናው ሲገነፍል እግር እቀይራለሁ።

የደም ግፊት መድኃኒት የምንወስድ ሰዎች ከአልጋ ዘለን አንነሣ፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ቁጭ ብለን እንቁም፤ አለዚያ ያዞረናል። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ አይውጣ፤ ጫማው ይመቸው፣ ሲመለስም እግሩን ይይ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ጭንቅ ከመጣ ግን ያን ጊዜውኑ ቆሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ «ትንሽ ልቻለው» የሚባል ነገር የለም።

ልጄን ግን ማሳመን ከባድ ነበር። ውኃውን ከእጄ መቀማት አክብሮት ይመስላታል፤ እኔም እናቴን እንደዚያው ነበር የማደርጋት። አሁን ተስማምተናል። ከባዱን ጀሪካን እሷ ታነሣለች፤ ጆጉ የእኔ ነው። ጎረቤቴ ሐጂም ሰላት ወንበር ላይ መስገድ ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸው ግን ሱቅ መላካቸውን አልተዉም፤ ብልሆች ናቸው።

ዘንድሮ ሕማማት ሲገባ ነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው። «የአቅምሽን ስገጂ፣ ሌላውን ቆመሽ» አሉኝ። ስቅለት ዕለት በማለዳ ሄጄ አግዳሚ አጠገብ ቦታ ያዝኩ። ስንት እንደሰገድኩ አልናገርም። ስነሣ ግን አግዳሚውን ይዤ፣ በራሴ ነበር። ያቺ ልጅ ዘንድሮም ከኋላዬ ናት፤ ዘወር ስል እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች።