የካርቱም ሙዚየም ዝርፊያ፦ የተሰረቀ ቅርስ በምን ማስረጃ ይመለሳል?

የሱዳን ጦር በማርች 2025 ማዕከላዊ ካርቱምን ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ሲያስለቅቅ፣ ነጭና ጥቁር አባይ ከሚገናኙበት ሥፍራ አጠገብ የቆመው ብሔራዊ ሙዚየም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ለዓይን በቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ውስጥ የዘለቁት ሰዎች ያገኙት የተሰባበረ መስታወት፣ የተገለበጡ ሣጥኖችና ባዶ መደርደሪያዎች ነበር። ወርቁ የለም። ከተረፉት ጎልቶ የሚታየው ለማንሳት የከበደው ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቲርሐቅ የሚለው የኩሹ ንጉሥ ታሃርቃ የድንጋይ ሐውልት እንደቆመ አለ።

ሙዚየሙ ራሱ የአንድ ማዳን ሥራ ውጤት ነበር። ግብፅ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ስትሠራ የኑቢያ ምድር በውሃ እንደሚዋጥ በመታወቁ፣ ዩኔስኮ በ1960 ዓለም አቀፍ ጥሪ አቀረበ። ንግሥት ሃትሼፕሱት በቡሄን ያሠራችው ቤተ መቅደስ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ ካርቱም ገባ፤ በ1971 ለተከፈተው ሙዚየም አጸድም ግርማ ሆነ። በዚያው ዘመን 50,000 የሚሆኑ የሱዳን ኑቢያውያን ከዋዲ ሃልፋ ተነሥተው በአትባራ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ተወስደዋል። ቤተ መቅደሱ ተፈትቶ እንደገና ሲተከል፣ የእነርሱ መንደር ግን ከውሃው በታች ቀርቷል።

የፋራስ ካቴድራል ሥዕሎች ታሪክ ደግሞ የዛሬውን ክርክር በቀጥታ ይነካል። የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ከ1961 እስከ 1964 ባካሄዱት ቁፋሮ ከአሸዋ ውስጥ ከ120 በላይ የክርስቲያን ኑቢያ የግድግዳ ሥዕሎችን አውጥተዋል። ሥዕሎቹ በስምምነት ተከፍለው ግማሹ ዋርሶ፣ ግማሹ ካርቱም ገባ። ዛሬ የዋርሶው ክፍል በጸጥታ ይጎበኛል፤ የካርቱሙ ደግሞ ጦርነት አለፈበት። ከዚህ ተነሥቶ «እናንተ ጋ ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ነበር» የሚለው የቆየ መከራከሪያ እንደገና መደመጡ አይቀርም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦታትና የብራና መጻሕፍት እንዲመለሱ ኢትዮጵያውያን ሲጠይቁ ይህንኑ ሲሰሙ ኖረዋል።

መከራከሪያው ግን ዋርሶን ረስቷታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም በናዚ ጀርመን ተዘርፏል፤ ከተማይቱም ፈርሳለች። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ስታኒስዋፍ ሎሬንትዝና ባልደረቦቻቸው በወረራው ዘመን ምን እንደተወሰደ በድብቅ ሲመዘግቡ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብዙው ንብረት ተመልሷል። ፖላንድ እስከ ዛሬ ድረስ የጠፉባትን ሥራዎች ዝርዝር ይዛ በውጭ አገር ጨረታዎች ላይ ታስመልሳለች። እንግዲህ ልዩነቱ በአህጉር አይደለም፤ ዝርዝሩን በመያዝና ባለመያዝ ነው።

ሕጉም የተጻፈው በዚህ መንገድ ነው። የባህል ንብረት ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት፣ በ7ኛው አንቀጽ ከሙዚየም የተሰረቀ ዕቃ ወደ ሌላ አባል አገር እንዳይገባ ያዛል። ይሁንና አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ዕቃው በተቋሙ የንብረት መዝገብ ውስጥ የሠፈረ መሆን አለበት። ማስረጃውን በራሱ ወጪ የሚያቀርበውም ጠያቂው አገር ነው፤ ሳያውቅ በቅን ልቦና ለገዛ ሰውም ተገቢ ካሳ ይከፍላል። የተዘረፈ አገር ለዘረፋው ማስረጃ እንዲያዋጣ መጠየቁ መራራ ነው፤ ቢሆንም መንገዱ ይኸው ነው። ዩኔስኮ በሴፕቴምበር 2024 የሱዳንን ቅርስ ማንም እንዳይገዛና እንዳያስገባ ሲማጸን፣ ጥሪው የደረሰው ለቅን ነጋዴ ነው። ሌላውን የሚይዘው ፎቶግራፍና የመዝገብ ቁጥር ነው።

የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም ከተገኘ በኋላ በ2001 ወደ ቦታው ተመልሷል። መስቀሉ ዝነኛ ነው፤ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርበት ሰው ቢነሣ እንኳ የሚያምነው አይገኝም። ዝና የሌለው፣ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ብራና ግን ሽፋኑ ተገንጥሎ ከተሸጠ በኋላ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ምዝገባን ያዛል። ነገር ግን ብዙ የገዳማት አባቶች ለመዝጋቢ ዕቃ ቤታቸውን ለመክፈት ያመነታሉ። ሥጋታቸው መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የተመዘገበን ሀብት ሌባም ሊያውቀው ይችላል። ዝርዝሩ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ሳይመለስ፣ መዝጋቢውን መጠራጠር ቸልተኝነት ነው ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ጭምር በመኖሩ፣ ዋናው ቢጠፋ እንኳ ቃሉ አይጠፋም፤ ዋናውም ገበያ ላይ ቢወጣ ይለያል።

በተፈጥሮ ሀብት በኩል ይህ ሐሳብ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የታየው በዋድ መዳኒ ነው። ምሥራቅ ሱዳን ማሽላ ከ5,000 ዓመት በፊት ከዱር ወጥቶ መልመድ የጀመረበት ምድር መሆኑን የካሳላ አካባቢ ቁፋሮ አሳይቷል። የዚያን ሁሉ ዘመን የገበሬ ምርጫ የያዘው የአገሪቱ የዘር ባንክ፣ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከተማዋን በዲሴምበር 2023 ከያዘ በኋላ ተዘርፏል። ዘራፊዎቹ የፈለጉት ማቀዝቀዣዎቹን ይመስላል፤ ዘሩን የሚገዛ ገበያ የለምና። በፌብሩዋሪ 2025 ሱዳን የላከቻቸው የማሽላና የሌሎች አዝርዕት ዘሮች፣ በኖርዌይ ስቫልባርድ በበረዶማ ተራራ ውስጥ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ ገብተዋል። ከሶርያዋ አሌፖ አስቀድሞ ወደዚያ የተላከው ዘርም ከ2015 ጀምሮ እየወጣ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና ተዘርቷል።

ለብራናና ለዘር የሠራው መላ ለዲንደር አይሠራም። በ1935 የተከለለው የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ከኢትዮጵያው አላጥሽ ጋር ድንበር ይጋራል፤ ረግረጎቹን የሚያጠጡት የዲንደርና የራሃድ ወንዞች ከኢትዮጵያ ደጋ ይነሣሉ። በ2016 በአላጥሽ መኖራቸው በካሜራ የተረጋገጠው አንበሶች ድንበር አያውቁም። በ2024 ጦርነቱ ወደ ሴናር ግዛት ሲዘልቅ የዲንደር አካባቢም የውጊያ ቀጣና ሆነ። የጥበቃ ሠራተኛ በሌለበት ጫካ አዳኙም ከሰል አክሳዩም ከብት አሰማሪውም እንደልቡ ይገባል። ለእነዚህ አንበሶች በሌላ አገር የተቀመጠ ቅጂ የለም፤ መሸሻ ካላቸው ከመስመሩ ወዲህ ያለው አላጥሽ ነው፤ እሱም የሚገኘው የራሱ ግጭት ባልበረደለት የአማራ ክልል ነው።