መሣሪያው የት ይቀመጥ?

የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ማቆሚያ ይሞላል። በስደተኞች ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ላንድ ክሩዘሮቻቸው ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ ጠመንጃ ምልክት ለጥፈዋል፤ መኪናው ውስጥ መሣሪያ የለም ማለታቸው ነው። ምልክት በሌለው መኪና ውስጥ ያለውን ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከወንበር ሥር ሽጉጥ፣ ከወንበር ጀርባ ክላሽ ቢገኝ የሚደነግጥ ሰው ብዙ አይደለም።

ባለ መሣሪያውን ሁሉ ወንጀለኛ ማድረግ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ወደ ጋምቤላ ክልል የተሻገሩ የሙርሌ ጎሣ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደዋል። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ታጣቂዎች የከፈቱት ተኩስ እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ነበር። ይህን ያየ ሰው መሣሪያ ይዞ መንገድ ቢወጣ ምክንያቱ ይገባናል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም መሣሪያ እንዲመዘገብና ፈቃድ እንዲወጣለት ሲያዝ፣ መታጠቅ ልማድ የሆነባቸው አካባቢዎች መኖራቸውን አልካደም።

ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያ የያዘው መኪና ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ነው። ሹፌሩ ሲሚንቶ ያመጣ ኮንትራክተር፣ ስብሰባ የተጠራ ኃላፊ ወይም ልጁን ሊያደርስ የመጣ አባት ሊሆን ይችላል። ጥበቃው «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይለዋል። እሺ፣ የት ያስቀምጠው? ለዚህ መልስ ከሌለ ሰውየው ዝም ብሎ ይገባል፤ መሣሪያውም ዶርም አጠገብ በቆመ መኪና ውስጥ ይውላል። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በግጭት ተማሪዎች ከሞቱ በኋላ ፌዴራል ፖሊስ ግቢ ገባ፤ የበር ላይ ፍተሻም ጠበቀ። የሚበረበረው ግን በአመዛኙ የእግረኛው ቦርሳ ነው።

አቪዬሽን ይህን ጥያቄ ከፈታው ቆይቷል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት መንገደኛ መሣሪያ ይዞ ወደ መቀመጫው አይሄድም። አስቀድሞ ያሳውቃል፤ የሚመለከተው ባለሙያ ጥይት እንዳልጎረሰ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በጉዞው ጊዜ የማንም እጅ በማይደርስበት ቦታ ይጫናል። ጥይቱም አየር መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ከ5 ኪሎ ሳይበልጥ፣ በሚጫን ሻንጣ ይሄዳል። መንገደኛው እውነቱን የሚናገረው ሲያርፍ ንብረቱን እንደሚረከብ ስለሚያውቅ ነው። ቢናገር የሚነጠቅ ቢሆን ኖሮ ይደብቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በር ላይም መሣሪያው ሲገቡ ተረክቦ ሲወጡ የሚመለስበት ሥርዓት ያስፈልጋል።

ደንቡን ማን ያውጣ የሚለውም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የሰሜን ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኪናቸው ውስጥ መሣሪያ እንዳያስቀምጡ ከልክሎ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ይህን የመወሰን ሥልጣን የሕግ አውጪው እንጂ የዩኒቨርሲቲው አይደለም ብሎ ክልከላውን ሻረው። ውሳኔውን እኛ አገር ላምጣው አልልም፤ ዶርም ባለበት ግቢ መኪና የጠመንጃ ማስቀመጫ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ትምህርቱ ግን ይጠቅማል፦ የዩኒቨርሲቲ ሴኔት ብቻውን ጽፎ በር ላይ የሚለጥፈው ክልከላ አይጸናም። ደንቡ ከክልሉ ፖሊስ ጋር ተመክሮበት፣ በአዋጁ ላይ ቆሞ መውጣት አለበት።

«በር ላይ መሣሪያ ካከማቸን ረብሻ ሲነሳ መጀመሪያ የሚዘረፈው እሱ ነው» የሚል ሙግት ይነሳል። ሙግቱ ትክክል ነው። ስለዚህ ተረካቢው የግቢው ጥበቃ ሳይሆን ፖሊስ፣ ቦታውም ከግቢው ውጭ ይሁን። ጥይቱ ይውጣ፤ መሣሪያውና ጥይቱ ለየብቻ ይቆለፍባቸው፤ ፈቃዱ ታይቶ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ባለቤቱ ደረሰኝ ይያዝ። ማንኛውም መሣሪያ እዚያ አይደር። የኃላፊ አጃቢም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይሁን፤ አንድ መኪና በማዕረግ ካለፈ የሌላው ሹፌር መደበቅ ይማራል።

ለዚህ ብዙ በጀት አያስፈልግም። የተቆለፈ ክፍል፣ መዝገብና ተረኛ ፖሊስ ይበቃል። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቢጀምረው ለሌሎቹም ያስተምራል። መኪናን መፈተሽ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ማስረከቢያ ተዘጋጅቶለት ደብቆ የተገኘ ሰው «የት ላስቀምጠው?» የሚል ሰበብ አይኖረውም።