ሳይጠየቅ አይጠረግ

ባለፈው መንፈቅ ሁለት የክፍል ጓደኞቻችን አንዲቱ በዋናው ግቢ፣ ሌላው ከከተማው ማዶ ባለው ግቢ ሆነው አንዱን የጋራ ጽሑፍ በአንድ ሰዓት ያርሙ ነበር። በማግሥቱ ፋይሉ ሲከፈት የተገኘው የእርሱ እርማት ብቻ ነው። የእርሷ ስድስት ገጽ የት ገባ ብለን ብንጠይቅ «ኮምፒዩተሩ አጥፍቶታል» ተባልን። ኮምፒዩተሩ ግን አላጠፋውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱን ግቢ ሰርቨሮች ፋይል አንድ የሚያደርገው ዲ.ኤፍ.ኤስ.አር. የተባለው የማይክሮሶፍት አሠራር ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2005 ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 አር2 ጋር ነው። አንድ ፋይል በሁለቱም ዘንድ ከተለወጠ በመጨረሻ የተጻፈው ይጸናል። የሚመዘነው ሰዓቱ እንጂ ይዘቱ አይደለም። ስድስት ገጽ የጨመረችውን፣ ከእርሷ በኋላ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያስተካከለ ይረታታል። (ፈተና የሚያርሙልን መምህራን ይህን ሕግ ባይሰሙት እንወዳለን።)

የተረታው ጽሑፍ ግን ወዲያው አይጣልም። ስሙ ተለውጦ «ኮንፍሊክት ኤንድ ዲሊትድ» ወደሚባለው ስውር ፎልደር ይገባል፤ የቀድሞ ስሙና ቦታውም በመዝገብ ይጻፋል። ፎልደሩ ወሰን አለው፤ በቀደሙት ሰርቨሮች ላይ የተለመደው 660 ሜጋባይት ነበር። 90 በመቶ ሲሞላ ከአሮጌው እየጀመረ ይጥልና 60 በመቶ ላይ ሲደርስ ያቆማል። እንግዲህ ራሱን የሚጠርግ ቤት ነው ማለት ነው።

የእኛ ባለሙያ ግን ዲስኩ ጠብቦ ኖሮ ፎልደሩን በዚያው ሳምንት በትእዛዝ ባዶ አደረጉት። ዲስክ ሲሞላ የሁላችንም ሥራ እንደሚቆም እናውቃለንና በዚህ አንወቅሳቸውም። በእጅ እየመረጡ ቢሰርዙማ መዝገቡና ፋይሎቹ በተለያዩ ነበር። ቅሬታችን ሌላ ነው።

«ይህ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፣ ተማሪ ጽሑፉን ራሱ ይጠብቅ» የሚሉን አሉ። መጠባበቂያ አለመሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪዋ መረታቷን በምን ታውቃለች? ግጭቱ የሚመዘገበው በሰርቨሩ የክንውን መዝገብ፣ በ4412 ቁጥር ነው፤ ይህንንም የሚያነበው ባለሙያው ብቻ ነው። ለእርሷ አንዲት ቃል አልደረሳትም። አራቱን ገጽ እንደ ገና ጻፈች፤ ሁለቱ አልመጡላትም።

ስለዚህ የኮምፒዩተር ክፍሉን የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ፎልደሩ በትእዛዝ ከመጠረጉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍልን። ወረቀቱን እኛ እናመጣለን።