የጥናት ሰዓታችንን መልሱልን

የወጣቶች ጉባኤ ሊዘጋ ሲል የተለመደ ጥሪ አለ፤ «ፈተና ያለባችሁ ወደ ፊት ውጡ» ይባላል። ኪቦርዱ ዝግ ብሎ ይጫወታል፣ አገልጋዩ በየተራ እጁን እየጫነ «አልፈሃል! ተቀበል!» ይላል። የወጣውም «አሜን፣ ተቀብያለሁ» ብሎ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ከሚወጡት መካከል ቀን በባንክ፣ በኦዲት ቢሮ ወይም በአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል እየሠሩ ማታ ለኤሲሲኤ የሚያጠኑ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ይህን የምጽፈው ስለ እነርሱ ነው፤ የምጽፈውም ለመቃወም ነው። በጸሎቱ ላይ ተቃውሞ የለኝም። የምቃወመው የሦስት ወር ምሽታቸውን በልምምድና በስብሰባ ወስደን፣ በመጨረሻዋ ሳምንት በምትኩ አንድ «ተቀበል» የምንሰጥበትን ልማድ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኤሲሲኤ መቀመጫው ለንደን የሆነ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። አባል ለመሆን 13 ፈተናዎች አሉ፤ በአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ሰው እንደ ተማረው ትምህርት የተወሰኑት ሊቀነሱለት ይችላሉ። በዚያ ላይ የሥነ ምግባር ሞጁልና የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ማለፊያው 50 ነው፤ 49 ያመጣ ወድቋል። ከመጀመሪያዎቹ ቀላል ፈተናዎች በቀር የቀሩት የሚሰጡት በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ወደ የካቲት፣ ግንቦት፣ ነሐሴና ኅዳር መጨረሻ ይውላሉ። ክፍያው በፓውንድ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያው የፓውንድ ክፍያ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደመወዙ በእጥፍ ያደገለት ጀማሪ አካውንታንት ግን እኔ አላየሁም። ስለዚህ አንድ ፈተና መውደቅ ማለት አንድ ወረቀት ላይ ቀይ ቁጥር ማየት ብቻ አይደለም። ለእናት ሊላክ የነበረ ገንዘብ ነው፤ አንዳንዴም ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ የከፈለው፣ ሁለተኛ ለመጠየቅ ፊት የማይሰጥ ውለታ ነው።

አሁን በነሐሴ መጨረሻ የሚፈተን አንድ ወጣት ተመልከቱ። ሰኔ 30 የሒሳብ ዓመት ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ቆጠራ፣ ማስታረቅ፣ የኦዲተር ጥያቄ ነው፤ ከቢሮ የሚወጣው መሽቶ ነው። በዚያው ክረምት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንሷንና የወንጌል ጉዞዋን ታዘጋጃለች። የሳምንቱ መርሐ ግብር እንዳለ ነው፦ ማክሰኞ የመዘምራን ልምምድ፣ ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም፣ ሐሙስ የቤት ኅብረት፣ ዓርብ አዳር፣ ቅዳሜ ከሰዓት የወጣቶች፣ እሑድ ሙሉ ቀን። የቀረው ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ልጁ ጨንቆት «እስከ ፈተናው ድረስ ከልምምድ ልቅር» ቢል፣ የሚሰማው መልስ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «ወንድማችን ቀዝቅዟል፣ እንጸልይለት» ነው። ሥራውን የሠራው ሰው በጸሎት ርዕስ ዝርዝር ውስጥ ከታመሙት ቀጥሎ ይገባል።

«ጌታን ካስቀደማችሁ ሌላው ይጨመርላችኋል አልተባለም ወይ?» የሚለኝ መሪ እንዳለ አውቃለሁ። ተብሏል። ነገር ግን ያ ቃል በማቴዎስ 6 የተነገረው ስለሚበላና ስለሚለበስ ለሚጨነቁ ሰዎች ነው፤ ኃላፊነት የተቀበለ ሰው ኃላፊነቱን ሳይወጣ ውጤቱን ይጠብቅ ዘንድ አልተነገረም። ጌታን ማስቀደምና የኳየር መሪውን ማስቀደም አንድ ነገር የሚሆኑበት ምክንያትም አልገባኝም።

ዳንኤል ምዕራፍ አንድን በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ያልሰበከ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለ አትክልቱና ስለ ውኃው አሥሩ ቀን ደጋግመን ሰምተናል። ከዚያው ምዕራፍ ስለ ሦስቱ ዓመት ግን ስንሰብክ ስንት ጊዜ ሰማችሁ? እነዚያ አራት ወጣቶች የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሦስት ዓመት ተምረዋል። የባዕድ መንግሥት ሥርዓተ ትምህርት፣ ያውም ጣዖት በሞላበት አገር። እግዚአብሔር እውቀትና ማስተዋል ሰጣቸው ሲል የሰጣቸው ለተቀመጡት ተማሪዎች ነው። ንጉሡ ፊት ቆመው ከሌሎቹ አሥር እጥፍ በልጠው የተገኙትም የጥናቱ ዘመን ካለቀ በኋላ ነው። አሥሩን ቀን ይዘን ሦስቱን ዓመት ስለጣልን፣ የጾመ እንጂ ያጠና ወጣት የማይታየን ሆነናል።

ጥፋቱን ሁሉ ግን በመሪዎች ላይ ጥዬ እናንተን ተማሪዎቹን ነፃ አላወጣም። ብዙዎቻችሁ «መነቃቃት» የምትሉትን ነገር ትጠብቃላችሁ። ሲመጣ አራት ሰዓት ታጠናላችሁ፣ ሲሄድ ሁለት ሳምንት መጽሐፉ አይከፈትም። እንዲመለስ ብላችሁ የአነቃቂ ንግግር ቪዲዮ ታያላችሁ። ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣችሁት አውቃለሁ፤ ከእኛው አዳራሽ ነው። እሳት የሚወርድበትን ምሽት እየጠበቅን፣ በመካከል ያሉትን ቀናት እንደ ባዶ መቁጠር ያስተማርናችሁ እኛው ነን። ዘንድሮ በጉባኤ መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ የተነሳ ሰው በዘሌዋውያን ላይ የሚቆመውና፣ የኤሲሲኤ ተማሪ በግሩፕ ሒሳብ ላይ የሚቆመው በአንድ በሽታ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያና ጉባኤ ሲከለከል፣ እምነቱ ያለፈው በየቤቱ በሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ነው። በተወሰነ ሰዓት በአንድ በር አንድ በአንድ መግባት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ማጥናት፣ በሌላ ሰዓት መውጣት። ዛሬ ልቤ አልተነሳም ብሎ የቀረ ሰው ቡድኑን ያጎድል ነበር። ስለ መንፈሳዊ ኃይላቸው በኩራት እንናገራለን፤ ስለ ሰዓት አክባሪነታቸው ግን አንናገርም። እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም።

ስለ ጥናቱ አያያዝም አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ዲሲፕሊን የሚለው ቃል ረጅም ሰዓት መቀመጥ እየመሰለ ብዙ ሰው አታሏልና። ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ የሚባለውን ፈተና ውሰዱ። 100 ነጥብ፣ 180 ደቂቃ። ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ፣ ለ20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ ማለት ነው። ስለ ኪራይ ውል የሚናገረውን አይኤፍአርኤስ 16 አራት ጊዜ ያነበበ፣ በሦስት ቀለም ያሰመረበት፣ በቴሌግራም ስድስት የጥናት ግሩፕ ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን አንድ የ20 ነጥብ ጥያቄ በ36 ደቂቃ ሠርቶ የማያውቅ ሰው አልተዘጋጀም። ማንበብ ደስ ይላል፤ ገጹ ሲገለበጥ የገባን ይመስለናል። መጽሐፉን ዘግቶ፣ ሰዓት አስቀምጦ፣ የአንድ እናት ድርጅትንና የቅርንጫፏን ሒሳብ አጠቃሎ ጉድዊሉን ማስላት ግን ያማል። ጥናቱ ያ የሚያመው ክፍል ነው። በቀን አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ ከጧቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ከመሄድ በፊት፤ ሲታረምና ስህተቱ ሲጻፍ በድምሩ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። የዓርብ አዳር አንድ ሌሊት ከእነዚህ አራቱን ይውጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ እርማቱ ነው። መልሱን ራሳችሁ ስታርሙ፣ «ይህን እኮ አውቀው ነበር፣ ሳልጽፈው ቀርቼ ነው» ብላችሁ ሁለት ነጥብ ለራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ነገ የሌላውን ሰው መዝገብ መርምራችሁ «ትክክል ነው» ብላችሁ ልትፈርሙ የተነሳችሁ ሰዎች፣ ዛሬ የራሳችሁን ወረቀት አጋንናችሁ ትመዘግባላችሁ። አይኤፍአርኤስ 15ን ያጠናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገቢ የሚመዘገበው ለደንበኛው የተገባው ግዴታ ሲፈጸም ነው። «አልፈሃል፣ ተቀበል» የሚለውም አዋጅ በዚህ ደረጃ ቢመረመር ኦዲተር የሚያሳልፈው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ለደመወዝ ነው፣ ዓለማዊ ሩጫ ነው» የሚል ይኖራል። ደመወዙም ኃጢአት አይደለም፤ ግን እሺ፣ ከደመወዙ እንለፍ። ዕዝራ ከባቢሎን ብርና ወርቅ ይዞ ሲነሳ ለካህናቱ መዝኖ አስረከባቸው፤ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ዳግመኛ ተመዝኖ ድምሩ ተጻፈ። ምዕራፍ ስምንትን አንብቡ፤ ርክክብና የቆጠራ ሰነድ ነው። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲጓዝ አደረገ፣ በሰው ፊት ጭምር መልካም የሆነውን አስቦ። በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የሁለትዮሽ ሒሳብ አያያዝን አሳትሞ ለዓለም ያስተዋወቀው ሉካ ፓቾሊም መነኩሴ ነበር፤ ነጋዴ የመጀመሪያ መዝገቦቹን በመስቀል ምልክት እንዲጀምር ያዝዛል። ወደ አገራችንም እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲያቀርቡ ተደንግጓል፤ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ይህን እንዲቆጣጠር ተቋቁሟል። ሕጉ አለ። የሚጎድለው በሚገባ የተማረና እጁ የማይጠመዘዝ ሰው ነው። ያን ሰው ከየት ሊያመጡት ነው?

የራሳችንን ቤትም አንርሳ። አጥቢያችሁ ለመጨረሻ ጊዜ በውጭ ኦዲተር የተመረመረችው መቼ ነው? በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ጠይቁ። የሚመልስ ሰው ከጠፋ፣ ከጥናቱ ጠረጴዛ ጎትተን ወደ ልምምድ የወሰድነው ልጅ ምን ሊሆንልን ይችል እንደ ነበር ያን ጊዜ ይገባናል።

የወደቀው ልጅ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በጉባኤ ፊት «አልፈሃል» የተባለ ሰው 43 ሲያመጣ ምን ያደርጋል? ወይ ትንቢቱ ሐሰት ነው፣ ወይ እምነቱ ጎዶሎ ነው። ትንቢቱን ሐሰት ማለት ስለሚፈራ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ቀጥሎ «ጠላት ነው የከለከለህ» ይባላል። ሰይጣን ብዙ ሥራ አለበት፤ የታክስ ስሌት ስህተት ግን ስሌት ሳይለማመዱ ከመግባትም ይመጣል። ልጁ ያን ጊዜ ያስፈልገው የነበረው አጠገቡ ተቀምጦ «የቱ ክፍል ላይ ነው ነጥብ የጣልከው?» የሚለው ታላቅ ወንድም ነበር። እኛ የሰጠነው ሌላ የእጅ መጫን ነው። ከዚያ እሑድ መምጣት ይቀንሳል፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ከዚያ ይጠፋል። «ዓለም ወሰደው» እንላለን።

ስለዚህ ለወጣቶች አገልግሎት መሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ የፈተና ወቅት በፊት ላሉት ስምንት ሳምንታት፣ የሚፈተን ዘማሪም ሆነ የኅብረት መሪ ከልምምድና ከአዳር ነፃ ይሁን፤ ስሙም በጸሎት ርዕስ ሳይሆን በአገልጋዮች ዝርዝር ላይ እንዳለ ይቆይ። የእሑዱ አምልኮና አንድ የኅብረት ምሽት ይበቁታል፤ እነርሱንም አይተው፣ ብቻውን የሚያጠና ሰው ነፍሱ ትደርቃለችና። ኤሲሲኤ ጨርሰው በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ታላላቆቻችንም የኮንፈረንስ እንግዳ ተናጋሪ ሆነው ከመጋበዝ ይልቅ፣ ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው የአራት ልጆችን ወረቀት ይረሙ።

አዳራሹም አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጧቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ማንም አይጠቀምበትም። ጄኔሬተር አለው፤ በአባላት መዋጮ የተገዛው ለድምፅ ማጉያው ብቻ አይደለም። ወንበሮቹ ተደርድረው አድረዋል። የበሩ ቁልፍ ጥበቃው ዘንድ ነው፤ ክፈት የሚል ደብዳቤ ብቻ ይፈልጋል።